ፀሐይ ያልነካችው እንጆሪ

«ምላስሽን አውጪ» አሉ የመቱ ከተማ ዳኛ ባለቤት እትዬ ዘውደነሽ።

አጣቢዋ ኡርጌ እርጥብ አንሶላ በክንዷ እንደያዘች ምላሷን አወጣች። እትዬ ጎንበስ ብለው አዩ። ቀይ ነገር የለም።

«ተጉመጥምጠሻላ!»

«እትዬ፣ እናቴ ትሙት፣ አንዲትም አልነካሁ።»

«ከእንጆሪው መደብ አጠገብ ልብስ የምታሰጪው አንቺ ብቻ ነሽ። ወር ሙሉ አብቧል፣ አብቧል ሲባል ከርሞ ፍሬው የት ገባ? ዛሬውኑ ጨርቅሽን ሸክፊ።»

አብቧል ያለው አትክልተኛው ጎንፋ ነበር። የውሃ ጣሳውን እንደያዘ ጓሮ ቆሞ ሁሉንም ሰማ።

እንጆሪው በእርጥብ ከረጢት ተጠቅልሎ ከአዲስ አበባ የመጣው መስከረም ላይ ነው። እትዬ ዘውደነሽ ለገና እንግዶቻቸው በሳህን ሊያቀርቡት ቋምጠዋል። «መቱ ውርጭ የላት፣ ብርዷም ለስላሳ፤ እዚህ በጋ ላይ ካላፈራ የት ሊያፈራ ነው?» ብለው ለጎንፋ አስረከቡት። ጎንፋ ደግሞ ጣሊያን በወጣ በዓመቱ ከያዮ የመጣ፣ የቡና ችግኝ ሲያፈላ ያደገ ሰው ነው። ችግኝ ከተባለ የሚያውቀው ጥላ ነው። መደብ ሠራ፣ አራት ባላ ተከለ፣ በላዩ የኮባ ቅጠል ደራርቦ ዳስ ጣለበት። እንግዲህ የቡና ሰው ሌላ ምን ያድርግ? ቅጠሉ ደልቦ ተንሰራፋ፤ አበባ ግን ወይ ፍንክች።

ኅዳር ላይ እትዬ «እስካሁን አላበበም እንዴ? ካቃተህ ከጎሬ ሌላ ሰው ላስመጣ» ሲሉት ደነገጠ። «ኧረ አብቧል፣ እትዬ» አለ። ዋሸ። ዳኛ በተቀያየረ ቁጥር እሱ ከዚህ ግቢ አልተነቃነቀም፤ የሚኖርባት የጓሮ ቤት ግን የሥራው እንጂ የእሱ አይደለችም።

ወደ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ዲሪቤ ጎመን ትቀነጥሳለች፤ እሷም ሰምታለች።

«ልነግራቸው ነው» አላት።

«ምን ብለህ?»

«አበባ አልነበረም ብዬ።»

ዲሪቤ ጎመኑን ወደ ጎን ገፋች። «ኡርጌ ኖፓ አገሯ ላይ እናት አላት፣ እዚያ ትገባለች። እኛ በዚህ ዕድሜያችን የት ልንገባ ነው? ዝም በል፣ ጎንፋ። ለዛሬ ብቻ ዝም በልልኝ።»

ጣሳውን አንስቶ ወደ መደቡ ተመለሰ፤ እየሠራ የሚረሳው መስሎት። ጎንበስ ብሎ ሲያጠጣ ከመደቡ ያመለጠች አንዲት ቀጭን ሐረግ አየ። ከዳሱ ሥር ሹልክ ብላ ወጥታ፣ አጥሩ ጥግ ፀሐይ የምታቃጥለው ጠጠር ላይ ሥር ሰዳለች። ቅጠሏ ኮሳሳ ነው። ከቅጠሉ ሥር ግን አራት ፍሬ ቀልቶ ተኝቷል።

መጀመሪያ ደስ አለው። ቆርጦ ለእትዬ ሊያሳይ፣ ኡርጌንም ሊያስምር እጁን ዘረጋ። እጁ ግን ፍሬው ጋ ሳይደርስ ቆመ። እትዬ «ይኸው አፍርቶ የለ፣ የቀረውን እሷ ናት የበላችው» ይላሉ። ፍሬው ራሱ ሊመሰክርባት ነው።

ቀና ብሎ ዳሱን አየ፤ ለካ ችግኞቹን አበባ የከለከላቸው ጥላው ኖሯል። የኮባው ቅጠል በደረቀ ቁጥር አዲስ የሚያለብሰው እሱ ነበር፣ ፀሐይ እንዳትነካቸው ብሎ። አፈረ። መቱ ውስጥ ስለ ችግኝ የቸገረው ሁሉ የሚጠይቀው እሱን ነበር።

ኡርጌ ቋጠሮዋን ተሸክማ በዋናው ቤት ጎን ወጣች። ዐይኗ አብጧል። እትዬ ዘውደነሽ እጃቸውን አጣምረው በረንዳው ላይ ቆመዋል።

«ነጋቲ፣ ኦቦ ጎንፋ» አለችው በኦሮምኛ፤ ደህና ሁን ማለቷ ነው።

እሱም በዚያው ቋንቋ፣ ለእሷ ብቻ፣ ይቅር በይኝ ሊላት ይችል ነበር። እትዬ አይሰሙም፤ ቢሰሙም አይገባቸውም። ዲሪቤ ከደጃፏ ሆና ዐይኗን ተክላበታለች።

ጎንፋ የዳሱን ባላ በሁለት እጁ ይዞ ነቀለ። ጣሪያው ወደ አጥሩ ተጋደመ፤ ፀሐይ መደቡ ላይ ወረደች።

«ቋጠሮሽን አውርጂ፣ ኡርጌ» አለ በአማርኛ፣ በረንዳው ድረስ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ከዳሱ ሥር አንድም አበባ አልነበረም።»