የጋሹ ጣት

«ማንኪያ! ማንኪያ አምጡ፣ ጥርሷ ገጠመ!» አለች አንዲት ለቀስተኛ።

ኖይ በእናቷ በሃዳር ጭን ላይ ድርቅ ብላ ዐይኗ ተገልብጧል፤ እጅና እግሯ ይንቀጠቀጣል። ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም። አባቷ ራዝ ስልኩን እንደያዘ ቆሞ ቀርቷል። «ክብሪት አሽትቷት» የሚልም አልጠፋ።

ባሏን ጋሹን ከቀበረች ወዲህ ከፍራሹ እምብዛም ያልተነሣችው ብዙዓየሁ ተነሣች። የልጅ ልጇን ተቀብላ ምንጣፉ ላይ በጎኗ አስተኛቻት።

«አፏ ውስጥ ምንም እንዳይገባ። አትያዟት፣ ራሱ ይለቃታል። ራዝ፣ አምቡላንስ ጥራ።»

ድምፅዋ ጨው አቀብሉኝ የምትል ሴት ድምፅ ይመስል ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ለቀቃትና ኖይ ጮኻ አለቀሰች። አመሻሹ ላይ ከሐኪም ሲመለሱ ጆሮዋ ታምሞ ነው፣ ያንቀጠቀጣት ትኩሳቱ ነው ተባለ።

«ኢማ» አለ ራዝ እናቱን ተከትሎ ወጥ ቤት ገብቶ፣ «ምን እንደሚደረግ ከየት ዐወቅሽ?»

«ካንተ።»

ራዝ የኖይ እኩያ ሳለ ነው። እሷና ጋሹ በእስራኤሏ ኔታንያ ከተማ አውቶቡስ ጣቢያ ቆመው ሲጠብቁ በትኩሳት እንደጋለ እጃቸው ላይ ደረቀ። ጋሹ ልጁ ምላሱን የሚውጥ መሰለውና ጣቱን በጥርሶቹ መካከል ሰደደ። ደሙ ክርኑ ድረስ ሲወርድ እንኳ አላወጣውም። ቁስሉ አመረቀዘ፤ የጣቱ ጫፍ ተቆረጠ። ሐኪሟ በአስተርጓሚ ተቆጣችው፤ «ልጁን ልታንቀው ነበር» አለችው። ለብዙዓየሁ ግን ምን ማድረግ እንዳለባት ቀስ ብላ አስረዳቻት። ሕመሙ ሁለቴ ተመለሰና ልጁ ከፍ ሲል ተወው።

«አባቴ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ቆረጠኝ ነው ያለኝ!» አለ ራዝ።

«ለሁሉም እንደዚያው ነው ያለው። ‹ልጄን የሚጥል በሽታ አለበት ካሉት ማን ሴት ልጁን ይድርለታል› ብሎ። ያ አይደለም ብትለው ሐኪሟ፣ ‹ሰው መች ያምናል› አለ። እኔንም አስማለኝ።»

ራዝ ወታደር ሳለ ፋብሪካውን እንክሰስ ብሎ አባቱን ጨቅጭቆት ያውቃል። ጋሹ «የበላኝን ይቅር ብዬዋለሁ» ብሎ ወሬውን ዘጋው። ራዝ ያን ጊዜ ፈሪ ነው ብሎ ንቆት ነበር።

በማግስቱ አያ ብሩ መጡ፤ ከጋሹ ጋር አንድ ፋብሪካ የሠሩ ሽማግሌ ናቸው። ካጽናኑ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጅቷን የሚጥል ነው ይላሉ፣ እውነት ነው?» አሉ።

ሃዳር ኖይን ወደ ደረቷ አስጠጋቻት።

«ሖም ነው፣ አያ ብሩ፤ ትኩሳት» አለ ራዝ በተሰባበረ አማርኛው። «እኔም ትንሽ ሆኜ እንዲሁ ነበርኩ። የአባቴን ጣት ማሽን አይደለም የቆረጠው። እኔ ነኝ የነከስኩት።»

አያ ብሩ አፋቸውን ያዙ።

«አይ ጋሹ! እኔንም ማሽን ነው ብሎኝ! አጠገብ ላጠገብ እየሠራን፣ ይህ ጣት የሚበላው ማሽን የትኛው ይሆን እያልኩ ስፈራ ኖርኩ እኮ!»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

ብዙዓየሁ ፍራሹ ላይ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ አጠገቧ ባዶውን ቦታ በመዳፏ አስተካከለች። ራዝ መጥቶ እስኪቀመጥ ድረስ እጇን ከዚያ አላነሣችም።