የግራዝማች አባይነህ ጎፈሬ

በሐረር፣ ፈላና በር ሰፈር፣ እንደ ግራዝማች አባይነህ ያለ ጠጉር ያለው ሰው አልነበረም። ጣሊያን ተባርሮ አርበኛው ከጫካ ሲመለስ ጎፈሬውን ተላጭቶ ወደ እርሻውና ወደ ቢሮው ገባ። እሳቸው ማሳደግ የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። ጦርነቱ ሲነሣ ጅጅጋ የስንቅ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበሩ። ጠላት ቀረበ ሲባል በበቅሎ ገሥግሠው ሐረር ገቡ፤ የወረራውንም ዘመን ሐኪም ጋራ ሥር ታላቅ እኅታቸው ቤት ጎመን ሲኮተኩቱ አሳለፉት። ይህን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ እሳቸውና እኅታቸው። እሳቸው ረስተውታል።

ጠጉሩ ወደ ላይ በቆመ ቁጥር ታሪካቸውም አብሮ ከፍ አለ። መጀመሪያ በወሬ ደረጃ ነበር፤ ቀጥሎ ጥይት ተተኮሰበት፤ በኋላ ደግሞ ምሽግ ተሰበረበት። ሰፈሩም ሰምቶ የዕድር ዳኛ አደረጋቸው።

በአርባዎቹ ዓመታት መጨረሻ ግን ያ ጎፈሬ ከሥሩ ያሳክካቸው ጀመር። መጀመሪያ ከጆሮአቸው ኋላ ነበር፤ ሲውል ሲያድር መላ ራሳቸውን ያዘው። ቆዳው ቀላ፣ ወፈረ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተነባበረ። ሲያኩት ይደማል፤ ሲደማ እንደ በርበሬ ያቃጥላል፤ ጠገገ ሲባል ደግሞ እንደገና ይበላቸዋል። ጠዋት ጠዋት ትራሳቸው ላይ ደምና ቅርፊት ይገኛል። በጥቁር ካባቸው ላይ የሚረግፈው ነጭ ነገር ከመብዛቱ የተነሣ፣ አንድ ቀን የዕድሩ ጸሐፊ በየዋህነት፣ “ግራዝማች፣ ወፍጮ ቤት ነበሩ እንዴ?” ብሎ ጠየቃቸው።

ባለቤታቸው ሰገነት መፍትሔው ገና ከመጀመሪያው ገብቷት ነበር።

“ይላጩት። ቆዳው አየር ይፈልጋል፤ እኔም መድኃኒት የምቀባበት ቦታ አገኛለሁ” አለቻቸው።

“ጎፈሬ የአርበኛ ኒሻን ነው። ኒሻን ይላጫል?”

“ኒሻን ያሳክካል?”

ተቆጥተው ወጡ።

ከመላጨት በቀር ያልሞከሩት አልነበረም። እንዶድ ታጠቡበት፤ ዓይናቸው አብጦ ሰነበተ። ፌጦ ተለቀለቁ፤ ጎረቤት ሁሉ አስነጠሰው። አንዱ ወዳጃቸው በላምባ ይሹት ብሎ መከራቸውና ሲያሹት እንደ ሕፃን ጮኹ፤ ሰገነትም እስኪደርቅ ድረስ ወደ ምድጃው እንዳይጠጉ ስትጠብቃቸው ዋለች። ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም የሚሸጠው ዓብዱላሂ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ሰጣቸው።

“ኢንሻአላህ ይረዳዎታል” አላቸው። ጎፈሬውን ሽቅብ አይቶም፣ “ግን ዘይቱ ቆዳው ላይ መድረስ አለበት። በዚህ ዱር ውስጥ መንገድ ይጠፋበታል” ብሎ ጨመረ።

ዘይቱ እንደተባለው መንገድ ጠፋበት፤ ወርዶ ያገኘው የነጭ ሸሚዛቸውን አንገትጌ ነበር።

አንድ እሑድ ዕድርተኛው ተሰብስቦ ሳለ ማሳከኩ ጠናባቸው። ንግግራቸውን አቋርጠው በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ይፎክቱ ጀመር። ከኋላ የተቀመጡ ሴቶች ተንሾካሾኩ። ዘነበች የምትባል አፈኛ ጎረቤታቸው፣ “ቆረቆር ነው፤ ልጆቻችንን ያስይዛል” ስትል ለሁሉም ተሰማ።

ግራዝማች ቀና አሉ። የሚሉትን አስቀድመው ያሰቡት አይመስልም፤ ከአፋቸው አመለጠ።

“ቆረቆር አይደለም! የጣሊያን መርዝ ነው! ከአውሮፕላን የወረደብኝ ነው!”

ከዚያ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው እጅ ነሡ፤ ሌላውም ተከትሎ ተነሣ። ዘነበች ነጠላዋን አፏ ላይ ጎትታ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲያ ግራዝማች ማከካቸውን አልደበቁም። በየሠርጉና በየልቅሶው ሰው በተሰበሰበበት ያካሉ፤ ሰውም ከንፈሩን እየመጠጠ የላይኛውን መቀመጫ ይለቅላቸዋል። ቅርፊታቸው በካባቸው ላይ ሲረግፍ የሚያራግፍላቸው አላጡም። ማታ ቤታቸው ሲገቡ ግን ሕመሙ ያው ሕመም ነበር። ሰገነት በለብታ ውኃ የራሰ ጨርቅ ራሳቸው ላይ አድርጋላቸው፣ “መርዙ ዛሬ እንዴት ዋለ?” ትላቸዋለች። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

ወሬው ቀኛዝማች ጌታቸው ዘንድ ደረሰ። እኒህ ሰው በእውነት የዘመቱ፣ አንድ እጃቸውንም በጦርነቱ ያጡ፣ ስለ ጦርነት ሲወራ ተነሥተው የሚወጡ ሰው ነበሩ። ግራዝማች ቤት መጥተው፣ እንባ ባቀረሩ ዓይኖች ጎፈሬውን ተመለከቱ።

“ጓደኞቼ በዚያ መርዝ ሲያልቁ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ የተረፈ ሰው እዚሁ ሐረር ያለ ረዳት ሲሠቃይ አለማወቄ አሳፈረኝ። ለሆስፒታሉ አዲስ ሐኪም መጥቷል፤ ነገ እኔ ራሴ እወስድዎታለሁ።”

“ኧረ አይድከሙ፣ ቀኛዝማች፤ እኔ ለምጄዋለሁ።”

“እንዴት ይለመዳል! እወስድዎታለሁ ብያለሁ።”

በማግስቱ ሆስፒታል ሲደርሱ እትዬ ጥሩወርቅ፣ እኒያ የሐኪም ጋራዋ ታላቅ እኅታቸው፣ ወንድምዎ ታመሙ ተብለው በር ላይ ይጠብቃሉ። ግራዝማች ሲያዩዋቸው ወደ መጡበት ሊመለሱ ዞሩ፤ ቀኛዝማች ሕመሙ ነው ብለው ባንድ እጃቸው ደገፏቸው። ሁሉም አብረው ገቡ።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነበር። አስተርጓሚው ሥራዬ የተባለ ቁስል አጣቢ ነው። ሐኪሙ ጎፈሬውን በጣቱ ገለጥ ገለጥ አድርጎ ብዙ አየ። ከዚያ እጅጌያቸውን አስጠቀለላቸው። ክርናቸው ላይ ያው ቀይና ቅርፊታም ቁስል ነበር።

“መርዝ አይደለም ይላሉ” አለ ሥራዬ። “የቆዳ ሕመም ነው። በዘር ይሄዳል። ከአባት ወይም ከእናት እንዲህ ያለ ነገር የነበረበት አለ ወይ ይላሉ።”

“ማንም!” አሉ ግራዝማች።

“ምን ማንም ትላለህ!” እትዬ ጥሩወርቅ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። “አባታችን እስኪሞቱ ድረስ ከምሰሶው ጋር ሲታከኩ አልኖሩም? አንተስ ብትሆን ዳዊት ስትደግም የኔታ ልጆቹን ይጋባባቸዋል ብለው ብቻህን ከደጅ አላስቀመጡህም?”

“እትዬ፣ እባክሽ!”

“ደግሞ የምን መርዝ? ጣሊያን እስኪወጣ ከኔ ጎመን ውስጥ መቼ ወጣህና ነው መርዝ ያገኘህ?” ይህን ብለው ሻሻቸውን ፈቱ። ከግንባራቸው በላይ እስከ ማጅራታቸው ድረስ ቆዳቸው እንደ ወንድማቸው የቀላና የተነባበረ ነበር። “ይኸው! እኔስ የትኛው አውሮፕላን ጣለብኝ?”

ሥራዬ የትኛውን እንደሚተረጉም ጨነቀው።

ቀኛዝማች ጌታቸው አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። ባርኔጣቸውን አነሡ፤ “እግዚአብሔር ይማርዎ” አሉና በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ወጡ። ግራዝማች የተዘጋውን በር እያዩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ማከክ ረሱ።

ሐኪሙ ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ፣ ጨርሶ የሚነቅለው መድኃኒት እንደሌለ፣ ነገር ግን ጠጉሩ ተላጭቶ ቅባቱን በየጊዜው ከቀቡት እንደሚታገሥላቸው ነገራቸው። በዚያው ሳምንት ተላጩ። ቅባቱ ጥቁር፣ ቅጥራን ቅጥራን የሚሸት ነገር ነበር። ጎረቤት የአስፋልት መንገድ ሊሠራልን ነው ብሎ ተነጋገረ። ወሬው ከሆስፒታል ቀድሟቸው ገብቶ ነበርና የዕድሩ ዳኝነት ለሌላ ተሰጠ፤ የሰፈሩም ሰው “ግራዝማች መርዙ” የሚል ስም አወጣላቸው። የላይኛው መቀመጫ ቀረ። ዘነበች ደግሞ ያፈሰስኩት እንባ ይመለስልኝ እያለች ስንት ጊዜ አሳቀች።

ግን እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሰገነት እንዳለችው አየር የሚፈልግ ቆዳ ኖሯል፤ ትራሱ ነጣ፤ እሷም የምትቀባበት ቦታ አገኘች።

እኅታቸውን ብዙ ጊዜ አላናገሯቸውም። እትዬ ጥሩወርቅ ግን ኩርፊያ የሚያቆማቸው ሴት አልነበሩም፤ በየቅዳሜው ከሐኪም ጋራ ወርደው ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ይቀመጡና ሻሻቸውን ፈትተው፣ “ና ቀባኝ፤ ማጅራቴን አላየውም” ይላሉ። ግራዝማችም እየተነጫነጩ ይቀባሉ። ከዚያ በተራቸው ራሳቸውን ያጎነብሳሉ።

“ያንቺስ ቀላል ነው” አሉ አንድ ቅዳሜ። “የኔ እስከ ዓይኔ ቅንድብ ወርዷል።”

“ቀላል? ይህን ተሸክሜ ስድስት ልጅ ወልጃለሁ! ያንተ ደግሞ ምን ሆነና ነው?”

“የኔ ይደማል!”

“የኔም ይደማል፤ እኔ ግን ሰልፍ አልወጣሁበትም” አሉ እትዬ፤ ቅባቱንም ከእጃቸው ነጠቁ። “አጎንብስ ይልቅ፤ ፀሐይዋ ልትሄድ ነው።”