ለሽምግልና የተገዛ ጫማ

የልብስና የጫማ ማርካዎች ስለ ለባሾቻቸው መናገር የጀመሩት ከመስቀል በኋላ ባለው ሰኞ ጠዋት ነው። በመጀመሪያው ቀን ታክሲ ውስጥ ጥቂት ግርግር ነበር። አንድ ጃኬት ከአንገቱ በኩል፣ «ይህ ሰው እህቴ ከውጭ ላከችልኝ ይላል፤ የገዛኝ ግን ከሰልባጅ ተራ ነው» ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ ባለጃኬቱም ከመውረጃው ቀድሞ ወረደ። ሳምንቱ ሳያልቅ ሰው ለመደው።

ሸሚዝ የሚናገረው ከአንገት፣ ሱሪ ከወገብ ነው፤ የሚያወሩትም ቀላል ቀላሉን ነው። ጫማ ግን የሚናገረው ለባሹ ከቆመ ብቻ ነው። ሲራመዱበት ዝም ይላል፣ ሲቀመጡም ዝም ይላል። ቆም ካሉበት ይናገራል፤ ሲናገር ደግሞ ከልብስ ጠለቅ ያለ ነገር ያወጣል፤ ሰውየው የት እንደሚሄድና የት እንደማይሄድ የሚያውቀው እሱ ነውና። ማርካውን ቆርጦ መጣል ይቻል ነበር። ነገር ግን ማርካው የተቆረጠ ልብስ የለበሰ ሰው «ምን ደብቆ ነው?» መባሉ ስለማይቀር ብዙዎች አልደፈሩም። በዚህ ፈንታ አዲስ ጨዋነት መጣ። የሰው ጫማ መናገር ሲጀምር ሌላው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፤ ወይም ያስላል።

አቶ ሸዋንግዛውን ይህ ሁሉ ብዙም አልነካቸውም። ጫማቸው ከማርጀቱ የተነሳ ማርካው ተፍቆ ጠፍቷል። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ናቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ልጅ አልወለዱም። የድሮ ሰፈራቸው ሲፈርስ ጎረቤቱ በየአቅጣጫው ተበትኖ እሳቸው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደረሳቸው። በአዲሱ ፎቅ በሮቹ ሁሉ ብረት ናቸው፤ ሰው ገባ ካለ በኋላ ይዘጋቸዋል። አቶ ሸዋንግዛው በዚህ ማንንም አይቀየሙም። የእኔም በር ብረት ነው ይላሉ።

በራቸው የተንኳኳው በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ ነው። የሌላ ሰው በር መስሏቸው ጠበቁ። ሲደገም ከፈቱ። ከላይኛው ፎቅ የሚኖረው ሱራፌል የሚባል ወጣት ነበር።

«አባባ፣ ይቅርታ፤ አንድ ሽማግሌ ጎድሎብኛል» አለ።

«የምን ሽማግሌ?»

«ሚስት የሚጠይቅልኝ። ቤታቸው ኮልፌ ነው። ሦስተኛው የእናቴ አጎት ነበሩ፤ ስኳራቸው ተነሳና ተኙ። የእርስዎ ሽበት ደግሞ ያምራል።»

«እኔን እኮ አታውቀኝም ልጄ።»

«ሽማግሌ ነዎት አይደል?» አለ ሱራፌል። «ንግግሩን መምህር ይትባረክ ይችሉበታል። እርስዎ መቆም ብቻ ነው።»

አቶ ሸዋንግዛው እሺ አሉ። በሩን ከዘጉ በኋላ ግን ሐሳብ ያዛቸው። ሚስት ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ አይቀመጥም። ተቀመጥ ቢባል፣ ቢለመን፣ የመጣበት ጉዳይ እሺ እስኪባል እንደቆመ ነው። ይህ የታወቀ ነው። የእሳቸው የእግር አውራ ጣት አጥንት ደግሞ ወደ ጎን ወጥቷል። ያሮጌው ጫማቸው ሶልም በአንድ በኩል ተበልቶ አልቋል። በዚያ ጫማ ቆሜ የልጁን ስም አጎድፍበታለሁ ብለው ፈሩ። ሰኞ ዕለት መርካቶ ወረዱ።

ጫማ ተራ ውስጥ ሙዘሚል የሚባል ነጋዴ በርጩማ ሰጣቸው።

«ፋዘር፣ ለምን ጉዳይ ነው?»

«ለሽምግልና።»

«እንግዲያው ይቺን!» ብሎ መስታወት የመሰለ ጥቁር ጫማ አወጣ። ውስጡ «ካልቪዮ» የሚል ማርካ በወርቃማ ቀለም ተጽፎበታል። አቶ ሸዋንግዛው አጥልቀው ቆሙ። ጫማው ወዲያው በትልቅ ድምፅ፣ «እኚህ ሰው ባለሕንፃ ናቸው፤ በራቸው ላይ እንግዳ ተሰልፎ ይውላል» አለ።

አቶ ሸዋንግዛው ደንግጠው ዙሪያቸውን አዩ። «ይሄ ጫማ ተሳስቷል» አሉ።

«አልተሳሳተችም፤ ፎርጅድ ናት» አለ ሙዘሚል። «እዚሁ ጓሮ ነው የተሰፋችው። ፎርጅድ ያሞግሳል። ኦርጅናል ሆኖ የሚያሞግስ ጫማ አይቼ አላውቅም።»

«ደግሞም ትጠባለች።»

«መጥበቧማ አይቀርም ፋዘር። ትልቅ ሰው መሆን መች ይመቻል?»

ቀጥሎ ያመጣው ሰልባጅ ነው። ቡኒ፣ ፊቱ ሰፋ ያለ፣ ሶሉ ለስላሳ፤ ማርካው «ኖርዳል» ይላል። አቶ ሸዋንግዛው እግራቸውን ሲያስገቡ የጣታቸው አጥንት ቦታውን አገኘ። ከስንት ዘመን በኋላ የትም ቦታ ሳያማቸው ቆሙ። ጫማው በለሆሳስ፣ «እኚህ ሰው ትናንት ከማንም ጋር አልተጫወቱም» አለ።

ሙዘሚል ጣሪያውን አየ።

«ዳቦ ቤት ገብቻለሁ እኮ» አሉ አቶ ሸዋንግዛው ወደ እግራቸው ጎንበስ ብለው።

«ሁለት ስጪኝ ብለዋል» አለ ጫማው። «እሱ ጨዋታ አይደለም።»

«ማርካውን ልቁረጥልዎት?» አለ ሙዘሚል አሁንም ጣሪያውን እያየ።

«የልጅቷ ወላጆች ምን ይላሉ? ለልጁ ጥሩ አይሆንም።»

«እንግዲያው ያሞገሰችዎትን ይውሰዱ።»

አቶ ሸዋንግዛው በርጩማው ላይ ተቀምጠው ብዙ አሰቡ። በጥቁሩ ጫማ ከቆሙ፣ የልጅቷ አባት እሺ ከማለቱ በፊት መውደቃቸው ነው። ቡኒውን ገዙ። ወደ ቤት ሲመለሱ ዘዴም አገኙ። ጫማ የሚናገረው ሰው ሲቆም ብቻ ከሆነ፣ ባሉበት ሆነው እግራቸውን በየተራ ቀስ እያደረጉ ቢያነሱ የሚሄዱ ይመስለዋል። ሳምንቱን ሙሉ ግድግዳ ፊት ለፊት ሆነው ተለማመዱ። ጫማው ዝም አለ። አልፎ አልፎ ግን ሆን ብለው ቀጥ ይሉ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ሌላ ድምፅ ስላልነበረ ነው።

እሑድ ጠዋት ሦስቱ ሽማግሌዎች ኮልፌ፣ ከሙሽሪት አባት ከአቶ ቢረሳው ቤት ገቡ። ፊት ፊት መምህር ይትባረክ ናቸው፤ የሸማኔ ጋቢ ለብሰው በረባሶ ስለተጫሙና ሁለቱም ማርካ ስለሌላቸው የሚፈሩት ነገር የለም። ቀጥሎ ሻምበል ለገሠ፣ መጨረሻ ላይ አቶ ሸዋንግዛው። አቶ ቢረሳው ሶፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤት አጠገባቸው ናቸው።

«ተቀመጡ እንጂ!» አሉ አቶ ቢረሳው።

«የመጣንበት ጉዳይ እሺ ካልተባለ አንቀመጥም» አሉ መምህር ይትባረክ።

«ኧረ ምን ቸገረን? ጉዳያችሁ ምንድን ነው?»

ጉዳዩን ያውቁታል፤ ሁሉም ያውቀዋል። ሙሽሪት ፌቨንም ጓዳ ሆና ታዳምጣለች። ቢሆንም ደንብ ነውና መምህር ይትባረክ የሱራፌልን ዘርና ጠባይ ያብራሩ ጀመር። መሀል ላይ የሻምበል ለገሠ ጫማ፣ «እኚህ ሰው ጡረታ የወጡት በሃምሳ አለቃነት ነው» አለ። ሁሉም ጣሪያውን አየ። ሻምበል አሳሉ። መምህር ካቆሙበት ቀጠሉ።

አቶ ሸዋንግዛው ከኋላ ሆነው እግራቸውን ያነሳሉ፣ ይጥላሉ። ጫማው ዝም እንዳለ ነው። ወይዘሮ የሺመቤት ግን ሲያዩዋቸው ቆይተው ወደ ባላቸው ጆሮ ጠጋ አሉና ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ «እኚያ አባት ሽንት ቤት ፈልገው ይሆን?» አሉ።

አቶ ሸዋንግዛው አፍረው ቀጥ አሉ።

«እኚህ ሰው የመጡት ለሱራፌል ብቻ አይደለም» አለ ጫማው። «ሳይጠሩ የሚገቡበት አንድ ቤት ሊጠይቁ ነው።»

ሁሉም ጣሪያውን አየ። መጀመሪያ ዓይናቸውን ያወረዱት አቶ ቢረሳው ናቸው። የእድር ዳኛ ስለሆኑ ነገር ተድበስብሶ ሲያልፍ አይወዱም።

«ይሄኛው ጥያቄም ከእናንተው ነው?» አሉ።

«እኛ የመጣነው በአንድ ጉዳይ ነው» አሉ መምህር ይትባረክ። «የጫማውን ነገር እንተወውና...»

«ቤቴ ውስጥ ቆሞ የተጠየቀ፣ ጥያቄ ነው። በተራ እንየው። የመጀመሪያውን እሺ ብለናል። ልጃችን ልጃችሁ ናት።»

ከጓዳ እልልታ ተሰማ። መምህር ይትባረክና ሻምበል ለገሠ ተመስገን ብለው ተቀመጡ። ለአቶ ሸዋንግዛውም ወንበር ከኋላቸው ተደረገ።

«ሁለተኛው ከበድ ይላል» አሉ አቶ ቢረሳው። «ልጅ መስጠት ይቀላል። ልጅ ትሄዳለች። እርስዎ ግን የሚመጡ ነዎት።»

«ልክ ነው» አሉ አቶ ሸዋንግዛው።

«ሳይጠራ የሚመጣ ሰው ምሳ ላይም ሊደርስ ይችላል።»

«ይችላል።»

«ቢታመሙና ቢቀሩ ደግሞ፣ ምነው ቀሩ ብለን መጠየቅ ይኖርብናል።»

«እሱን ነው» አሉ አቶ ሸዋንግዛው።

አቶ ቢረሳው አገጫቸውን አሹ። «ቤተ ዘመድ ሳይመክርበት መልስ አልሰጥም።»

ሻምበል ለገሠ የአቶ ሸዋንግዛውን እጅጌ ጎተት አደረጉ። «ኧረ ይቀመጡ በሞቴ! ልጅቷ እኮ ተፈቀደች።»

ወንበሩ ትራስ ነበረው። ጉልበታቸውም ይታጠፍላቸዋል፤ ጫማውም አልያዛቸውም። ተቀምጠው፣ በልተው፣ አመስግነው ወደ ብረት በራቸው መመለስ ይችላሉ። ከተቀመጡ ግን ጥያቄው እዚያው ላይ ቀረ። ዕድሜያቸውን ሁሉ «አይ፣ ግድ የለም» ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁንም አፋቸው ይህንኑ ሊል ተዘጋጅቶ ነበር።

«እሺ ካልተባልኩ አልቀመጥም» አሉ።

«እንግዲያው ቀጠሮ አላቸው» አሉ አቶ ቢረሳው፤ ምሳም ቀረበ። ለአቶ ሸዋንግዛው በሳህን አድርገው በእጃቸው ሰጧቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች መርቀው ሲወጡ እሳቸው እዚያው ቀሩ።

ከዚያ ወዲያ ሳሎኑ መሀል ቆመው ከረሙ። እግራቸውን አንድም ቀን አላመማቸውም። መጀመሪያ ሰሞን ጥሩ ነበር። ቤተሰቡ ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደሩ አባባ?» ይላቸዋል። ፌቨን ቬሎዋን ለክታ ስትመጣ እፊታቸው ትዞርላቸዋለች። ወይዘሮ የሺመቤት ሽንኩርት እየላጡ የጎረቤቱን ሁሉ ጉድ ያወሯቸዋል፤ እሳቸውም «አይ ሰው!» እያሉ ያዳምጣሉ። ጫማው ጠዋት ላይ፣ «ጠይቀው መልስ ይጠብቃሉ» ይልና ዝም ይላል። በኋላ በኋላ ክንዳቸው ላይ ነጠላ ማስቀመጥ ተጀመረ።

የሠርጉ ቀን ፎቶ አንሺው፣ «እኚህን አባት ፈቀቅ ማድረግ አይቻልም?» ብሎ ጠየቀ።

«ቀጠሮ አላቸው» ተባለ።

ሱራፌል ሙሽራ ሆኖ ሲገባ ጉልበታቸውን ሳመ። «አባባ! አሁንም ቆመዋል እንዴ?»

«ይመቸኛል ልጄ» አሉ።

ቤተ ዘመድ የተሰበሰበው ከመልሱ ድግስ በኋላ ነው። የፌቨን አጎት፣ «ቸኩለን ነገር አናበላሽ» አሉ። አክስቷ ደግሞ፣ «ለመሆኑ ሰውየው አሁን የት ናቸው?» ብለው ጠየቁ።

«እዚህ» ተባሉ።

«ታዲያ ከገቡ በኋላ ምኑ ነው የሚፈቀደው?» አሉ አክስት። ለዚህ መልስ ስላልተገኘ ጉዳዩ ለፋሲካ ተላለፈ።

ልጅቷ ከሄደች በኋላ ቤቱ ጭር አለ። ባልና ሚስት ቴሌቪዥን የሚያዩት በአቶ ሸዋንግዛው ግራና ቀኝ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ነው። ሰላምታው ቀረ። ሰው ሰላም የሚለው የመጣን ወይም የሚሄድን ነው፤ እሳቸው ግን ሁልጊዜ አሉ። ጫማውም ጠዋት ጠዋት መናገሩን ተወ። አቶ ሸዋንግዛው አንዳንዴ ጎንበስ ብለው ያዩታል፤ አይመልስላቸውም።

በሁዳዴ አጋማሽ አቶ ቢረሳውና ባለቤታቸው ልጃቸውን ሊጠይቁ ቱሉ ዲምቱ ሄዱ። ሰንበት ብለው ስለሚመጡ ቁልፉን ለጎረቤታቸው ለወይዘሮ ደብሪቱ ሰጧቸው። «አባባን ብርድ እንዳይመታቸው፣ ጋቢ ይደርቡላቸው» ብለው አደራ አሉ።

ወይዘሮ ደብሪቱ ከሰዓት በኋላ መጡ። ቁልፉን ከመክተታቸው በፊት በመስኮቱ ወደ ውስጥ አዩ።

የአቶ ቢረሳው ሶፋ ባዶ ነው። አቶ ሸዋንግዛው ፊት ለፊቱ ቆመዋል፤ እጃቸውን አጣምረው ሶፋውን ያያሉ። ከኋላቸው በሩ አጠገብ ካለው መደርደሪያ የቤቱ ጫማ ሁሉ ወርዷል። የአቶ ቢረሳው የክት ጫማ፣ የወይዘሮ የሺመቤት ባለተረከዝ፣ ፌቨን ትታው የሄደችው የትምህርት ቤት ሸራ ጫማ፣ ሁሉም እሺ እስኪባል እንደማይቀመጥ ሽማግሌ አፍንጫውን ወደ ሶፋው አድርጎ በሰልፍ ቆሟል። ክር ያለው ክሩ ታስሯል። ወይዘሮ ደብሪቱ ጆሯቸውን መስታወቱ ላይ አስጠጉ። አንዱም አይናገርም። ከመጨረሻው ረድፍ ያለው የመታጠቢያ ቤት ነጠላ ጫማ ብቻ፣ ከባድ ሰው የቆመበት ይመስል ወለሉ ላይ ተጨፍልቆ፣ በተረከዙ በኩል ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል።