ሸራ የሌለው ተጎታች

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ፣ ሮሆቦት የዚያን ቀን መቀመጫ አጥታ ነው የዋለችው። በማግስቱ የእህቷ ሰርግ ነው፤ የወጡ ማብሰያ እንጨት ደግሞ ገና ከሐይቁ ዳር መንደር ከቡሹሎ አልመጣም። ጎረቤታቸው ጋሽ ደበሌ በትንሿ ትራክተራቸው ላይ ተጎታች አስረው ሊያመጡት ሄደዋል። እሷ ግን ጠዋት የተጎታቹን ሸራ "ድንኳኑ ቀዳዳ አለው" ብላ ወስዳዋለች፤ ያውም ሳትነግራቸው!

ከሰዓት በኋላ በሐይቁ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ሮሆቦት በር ላይ ትወጣለች፣ ትመለሳለች። ትደውላለች፤ ጋሽ ደበሌ በዚያ የትራክተር ጩኸት ስልክ የት ሰምተው! ዝናቡ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ። እርጥብ እንጨት ይጨሳል እንጂ መች ይነዳል? ያን ሁሉ ሰርገኛ ምን ሊያበሉት ነው?

የትራክተሩን ድምፅ ስትሰማ እየሮጠች ወጣች። ምን ብታይ ጥሩ ነው? ለሰርጉ ሊዘምሩ የሚመጡት የቡሹሎ መዘምራን ተጎታቹ ጠርዝ ላይ ተደርድረው፣ ጃንጥላቸውን ሁሉ እንጨቱ ላይ ዘርግተው፣ ራሳቸው በስብሰዋል!

"ሸራዬን ያነሳሽው አንቺ ነሽ አይደል?" አሉ ጋሽ ደበሌ።

"ይቅርታ ጋሼ፣ እኔ ነኝ።"

ከመዘምራኑ መሃል ጓደኛዋ ሩታ አለች፤ ለሰርጉ ብላ ጠዋት የተሠራችው ፀጉር ፊቷ ላይ ተለጥፏል።

"ኧረ ሩታዬ፣ ያ ሁሉ ፀጉር! ራስሽን አትጠለይም ነበር?"

ሩታ የመለሰችላትን ቃል በቃል ልንገርሽ፦

"እኔስ ካስክ ውስጥ ገብቼ እደርቃለሁ፤ እንጨትሽን የት ፀጉር ቤት ልትወስጅው ነበር?"