በጋሼ ስም

ለሦስተኛ ጊዜ ስትሞክር ኮምፒውተሩ ቀይ ጽሑፍ አወጣባት፤ «ይህ መለያ ተዘግቷል» ይላል። የደም ምርመራ ክፍሉ ባለሙያ ጓንቷን አወለቀችና በባዶ ጣቷ፣ ፊደል በፊደል፣ እንደገና ጻፈችው። ያው ነው። ትናንት ዓይኗን ጨፍና የምትጽፈው የይለፍ ቃል ዛሬ አላውቅሽም አላት።

አዋላጇ ነርስ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ላይኛው ፎቅ ላይ ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም ያላት ሴት አለች። ለጭንቅ ጊዜ የሚቀመጠው፣ ለማንም የሚሆነው ደም ሌሊት ለመኪና አደጋ ወጥቶ አልቋል። ባለሙያዋ የሴትየዋን ናሙና በእጇ መርምራ፣ የሚስማማ ሁለት ከረጢት ደም ከማቀዝቀዣው አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች። የቀረው ውጤቱን ኮምፒውተሩ ላይ ማስገባትና የመውጫ ወረቀቱን ማተም ብቻ ነው። ያለዚያ ወረቀት ደሙን የሚሰቅል ነርስ የለም።

«በእጅሽ ጻፊልኝና ልሂድ» አለች አዋላጇ።

በእጅ የተጻፈ ወረቀት የክፍሉ ኃላፊ ካልፈረመበት አይሠራም። ኃላፊው ደግሞ ትናንት ጡረታ ወጥተው ተሸኝተዋል፤ ተተኪ ገና አልተመደበም። ይህንኑ አስረዳቻት።

የተዘጋው መለያ የእሷ አይደለም፤ የእኚሁ ኃላፊ ነው። ሁሉም ጋሼ ነው የሚሏቸው። ኮምፒውተሩ የገባ ሰሞን፣ የመረመረው ሰው ስም ውጤቱ ላይ ይታተማል ሲባል፣ ክፍሉ በሙሉ ተሸብሮ ነበር። ያኔ ጋሼ የራሳቸውን የይለፍ ቃል ለሁሉም ነገሩና «የእኔ ስም ጃንጥላ ነው፤ ግቡበት። ጥፋት ከመጣ በእኔ ይምጣ» አሉ። ደግ ሰው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ከዚህ ክፍል የወጣው ውጤት ሁሉ በጋሼ ስም ወጣ። ፈቃድ ላይ ሆነው እንኳ ስማቸው ሥራ አያቆምም ነበር፤ ላይ ያሉት ሐኪሞች «ሰውየው እንቅልፍ የላቸውም እንዴ?» እያሉ ይቀልዱ ነበር። በሽኝቱ ዕለት ስጦታ ተሰጠ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ተላቀሱ። የይለፍ ቃሉን ያስታወሰ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ደወለችላቸው። ጋሼ አትክልት ውሃ እያጠጡ ነበር። መጀመሪያ የረሳች መስሏቸው የይለፍ ቃሉን ቀስ ብለው ነገሯት። ተዘግቷል ስትላቸው ኮምፒውተር ክፍል ደውላ ለዛሬ ብቻ እንዲከፍቱላት እንድትለምን መከሯት።

«በእኔ አሳብቢ፣ ልጄ» አሉ። «አሁን ምን ያደርጉኛል?»

ከጎኗ ማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነበሰው ባልደረባዋ፣ ቅጽል ስሙ ረጅሙ፣ ቀና አለ። ክፍሉ እንዴት ሲሠራ እንደኖረ ትንፍሽ እንዳትል አስጠነቀቃት፤ ከታወቀ እስከ ዛሬ የወጣውን ውጤት ሁሉ ያገላብጡታል፣ ሁላችንም እንባረራለን አለ። ረጅሙ የማይቀልድበት ነገር የለም፤ አሁን ግን ከንፈሩ ደርቋል። የእሱን ፊት ስታይ የራሷን ቤት አሰበች። ባሏ ሥራ ከፈታ ከርሟል፤ ቤቱ ቀጥ ብሎ የቆመው በእሷ ደመወዝ ነው። ከዚህ ብትባረር ይህን ሙያ ይዛ የት ትገባለች?

ኮምፒውተር ክፍል ስልኩን ያነሣችው ሴት የተረጋጋች ነበረች። ስምና የሥራ ቦታ ጠየቀች፤ የቁልፍ ሰሌዳዋ ድምፅ በስልኩ ይሰማል።

«የተዘጋው የኃላፊው ነው፤ ጡረታ የወጣ ሰው መለያ በራሱ ይዘጋል» አለች። «የእርስዎ ግን አለ። ከተቀጠሩ ጀምሮ አለ፤ አንድም ቀን አልገቡበትም።» የቁልፍ ሰሌዳዋ ድምፅ ቆመ። «ታዲያ እስከ ዛሬ በምን ነበር የሚሠሩት?»

በዚህ መሐል የአዋላጇ ስልክ ጮኸ። አዋላጇ አዳምጣ ዘጋችና «ግፊቷ እየወረደ ነው» አለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር።

በስልኩ ያለችውም ሴት ሰምታ መሆን አለበት፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ቶሎ ይወስኑልኝ። የእሳቸውን እስከ ማታ ልከፍተው እችላለሁ፤ ጥገና ብዬ እመዘግበዋለሁ፣ ማንም አይጠይቅዎትም። የእርስዎን ከከፈትኩ ግን ለምን ዛሬ እንደተከፈተ ለአስተዳደር መጻፍ አለብኝ።»

ረጅሙ ድምፅ ሳያወጣ በከንፈሩ ብቻ «የጋሼን፣ የጋሼን» ይላታል።

እሺ ልትል ነበር። ዓይኗ ከረጢቶቹ ላይ አረፈ። ተሳስታ ከሆነስ? ደሙ አልስማማ ብሎ ሴትየዋ አንድ ነገር ብትሆን ተጠርተው የሚጠየቁት አትክልት የሚያጠጡት ሽማግሌ ናቸው፤ ይህን ናሙና በዓይናቸው እንኳ ያላዩት። ጃንጥላ ያዢው ሄዶ ጥላው ሥር መቆም ምን ይባላል? አፈረች። እፍረቱ ግን ፍርሃቷን አላስለቀቃትም።

«የእኔን ይክፈቱልኝ» አለች። «በእሳቸው መለያ ነበር የምሠራው። ይህንንም ይጻፉት።»

«ሌሎቹስ ባልደረቦችዎ?»

«እኔ የምናገረው ስለ ራሴ ነው።»

ረጅሙ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ጊዜያዊው የይለፍ ቃል በስልኳ መጣ። ስታስገባው ኮምፒውተሩ አዲስ ምረጪ አላት። የጻፈችው አጠረ ተባለ፤ ቁጥር ጨመረችበት። ድገሚው ሲላት ጣቷ ስቶ ሁለቱ አልገጥም አሉ። መዳፏን ጋውኗ ላይ ጠረገችና እንደ ፊደል ቆጣሪ ልጅ በአንድ ጣቷ ጻፈችው። ተከፈተ። ከላይ በኩል የራሷ ስም ከነአባቷና ከነአያቷ ተዘርግቷል። ክፍል ውስጥ ድንገት ስሟ እንደተጠራ ተማሪ ደነገጠች።

የደም ዓይነቱን ሞላች። የከረጢቶቹን ቁጥር ሞላች። «አረጋግጥ» የሚለው ላይ ስትደርስ እጇን መለሰችና ወደ አዋላጇ ዞረች።

«እባክሽ የካርዷን ስምና ቁጥር አንብቢልኝ» አለቻት አዋላጇን።

«አሁን?»

«አሁን። ቶሎ ብለሽ።»

አዋላጇ እየተቻኮለች አነበበች። ባለሙያዋ የናሙናውን ቱቦ ወደ መብራቱ አንሥታ፣ እያንዳንዱን ፊደልና ቁጥር ከምትሰማው ጋር አስተያየች። ናሙናው የተፈተነበትን የመስታወት ስላይድ ደግማ አየች፣ የከረጢቶቹን ጽሑፍ ደግማ አየች። ልክ ነው። ድሮም ታይ ነበር፤ እንዲህ አድርጋ ግን አይታ አታውቅም። የእስከ ዛሬዎቹን ማሰብ ጀመረች። ሐሳቡን ገፋችውና «አረጋግጥ»ን ተጫነች።

ወረቀቱ እየተንኳኳ ታተመ። አዋላጇ ከረጢቶቹንና ወረቀቱን አንሥታ የወረቀቱን ግርጌ በዓይኗ ገረፍ አደረገችና የማታውቀው ስም አገኘች።

«ጋሼ የሉም እንዴ?»

«የሉም። እኔ ነኝ።»

አዋላጇ ሮጠች። ኮሪደሩ ላይ የጫማዋ ድምፅ እየራቀ ሄደ። እዚህ ላይ የባለሙያዋ ሥራ ያበቃል። ከዚህ ክፍል የወጣ ደም ወዴት እንደሚሄድ የምታውቀው በአልጋ ቁጥር ነው፤ በዚህ ሁሉ ዘመኗ አንድም ቀን ተከትላው ወጥታ አታውቅም። የማይስማማ ደም ጠባዩን የሚያሳየው ገና መግባት ሲጀምር እንደሆነ ግን ታውቃለች። ማወቋ ነው የሚያስፈራት። እዚህ ተቀምጦ ስልክ መጠበቅም ይቻላል፤ ስልክ ካልጮኸ ደህና ነው ማለት ነው። እስካሁን እንዲያ ነበር።

«ስልኩን አንተ አንሣ» አለችው ረጅሙን።

«ወዴት ነው?»

ደረጃውን ወጣች።

ስትደርስ ከረጢቱ ተሰቅሎ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች መውረድ ጀምረዋል። ሴትየዋ ከጠበቀቻት በላይ ልጅ ናት። ከንፈሯ አመድ መስሏል። ባለሙያዋ ከአልጋው ራስጌ ቆማ ፊቷን፣ ክንዷን፣ አተነፋፈሷን እያፈራረቀች አየች። የሚያሳክካት፣ ወይም የሚያንቀጠቅጣት፣ ወይም ወገቧን የሚያማት ነገር እንዳለ ጠየቀቻት። ሴትየዋ ራሷን በትንሹ ነቀነቀች፤ የለም ማለቷ ነው። ደሙ መውረዱን ቀጠለ። ሐኪሙ ይቺ ደግሞ ማናት በሚል ዓይን አያት፣ ግን ሥራ በዝቶበት አለፋት።

ቆይቶ ሴትየዋ ዓይኗን ገለጠች።

«አንቺ ማነሽ?» አለች በሰለለ ድምፅ።

አስተዳደሩ ነገ እንደሚጠራት ባለሙያዋ ታውቃለች።

«ደምሽን የመረመርኩት እኔ ነኝ» አለቻትና ስሟን ነገረቻት።