አራት ከተማ አይታ ለምትመለስ

ሔራን ሰኔ ማብቂያ ላይ ወፍራም ሸራ ጠቅልላ ሱቄ መጣችና በጀርባ የሚታዘል ሻንጣ እንድሰፋላት ጠየቀችኝ። ገበያ ያለው ወይ የተማሪ ነው ወይ ውኃ ያስገባል አለች። ቆቦ መናኸሪያ አጠገብ ልብስ ስሰፋ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ሱሪ አሳጥሬአለሁ፣ የሙሽራ ቀሚስ ሰፍቻለሁ፣ የባጃጅ ወንበር አልብሻለሁ፤ እንዲህ ያለ ሻንጣ ግን ሰፍቼ አላውቅም። ስልኳ ላይ ፎቶውን አሳየችኝ፤ ወዴት እንደምትሄድም ጠየቅኋት።

«ለማየት ነው፣ ጋሼ ወልዴ። አይቼ ልመለስ።»

ሔራን የሂሳብ አስተማሪ ናት፤ የጎረቤቴ የእትዬ ሙሉ ልጅ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ እስኪከፈት ባለው ጊዜ ከአንዲት የደሴ ጓደኛዋ ጋር በአውቶቡስ ሞያሌን ተሻግረው ናይሮቢ፣ ከዚያ ካምፓላ፣ ከዚያ ኪጋሊ፣ መጨረሻ ዳሬሰላም ሊገቡ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ከደመወዟ ስትቆጥብ የኖረችው ለዚህ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማታው እየመጣች እኔ ስሰፋ እሷ ታወራለች። የልብስ ሰፊ እጁ ሥራ ላይ ስለሆነ ጆሮው ሥራ ፈት ነው፤ እኔ ደግሞ መስማት አይሰለቸኝም። ናይሮቢ ሚኒባሱ ሁሉ በሥዕል አጊጦ ሙዚቃ እያስጮኸ እንደሚሄድ ነገረችኝ። ካምፓላ በኮረብታ ላይ የተሠራች ናት፤ ሞተር ብስክሌቱ እንደ አንበጣ ነው። ኪጋሊ በወር አንድ ቅዳሜ የከተማው ሰው ሁሉ ወጥቶ መንገድ ያጸዳል፤ ያ ቀን እንዲገጥማት ቀኑን ቆጥራ ነው ጉዞውን ያሰናዳችው። ዳሬሰላም ባሕር አለ። ባሕር አይታ አታውቅም። ወሬዋ እዚያ ሲደርስ ድምፅዋ ዝቅ ይላል፤ እኔም የስፌት መኪናዬን መርገጫ አቆማለሁ።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ንባብ የቀናኝ ከዳዊት ነው፤ ካርታ ደግሞ ልጆቼ ትተውት ከሄዱት የጂኦግራፊ መጽሐፍ። አንድ ማታ ያንኑ መጽሐፍ ገልጬ መንገዷን በልብስ መለኪያ ሜትሬ ለካሁት። ከቆቦ እስከ ዳሬሰላም ጣቴን ብዘረጋ ስንዝር አልሞላም። ይህን ስነግራት ከልቧ ሳቀች።

የባጃጅ ሹፌሩ ሙህሲን የሱቄን በር ተደግፎ ይሰማ ነበርና ነገሩ አልዋጥ አለው። ሰው አገር ሄዶ ካልሠራ ምን ሊሆን ይሄዳል ብሎ ጠየቃት።

«ለማየት ነዋ» አለችው።

«የሚታይ ከጠፋ እኔን እዪኝ። በነፃ ነው።»

«አንተንማ አይቼ ነው የምሄደው።»

የቀራት የእናቷ ምርቃት ብቻ ነበር። በኛ አገር ያልተመረቀ መንገደኛ ከደጅ አይወጣም፤ ሔራንም ሂሳብ ታስተምር እንጂ ከዚህ አልወጣችም። እናቷ ካልመረቀቻት እንደምትቀር ቁርጡን ነግራኛለች። እትዬ ሙሉ ደግሞ ወር ሙሉ ስታንገራግር ቆይታ እሺ ብላ ነበር፤ ለቅዳሜ ጧት።

ሐሙስ ሻንጣውን ጨረስኩ። ማሰሪያውን ደርቤ ሰፋሁ፣ ትከሻዋን እንዳይቆርጣት ስፖንጅ አስገባሁ። ከዚያ እጄ በገዛ ፈቃዱ አንድ ነገር ጨመረ፤ በጀርባው በኩል ከገበሩ ሥር ሁለት ጣት የምታክል ስውር ኪስ። እኔ እንኳ ልብ አላልኩም። በአፋር በረሃ አቋርጠው ባሕር ተሻግረው ዓረብ አገር የሚገቡ የዚህ አካባቢ ልጆች ከሱሪያቸው ወገብ ውስጥ የሚያሰፉት ኪስ ነው። የስልክ ቁጥር የተጻፈባት ወረቀት ትገባበታለች። ስንቱን እንደሰፋሁ እግዜር ይወቅ። በቆቦ እናት ሆና ይቺን ኪስ በዳበሳ የማታውቅ የለችም።

ዓርብ ሔራን ባዶውን ሻንጣ አንጠልጥላ መጣች። ዐይኗ ቀልቷል። እናቷ ሻንጣውን ስትዳብስ ኪሱን አገኘችው፤ ናይሮቢ ያልሽው ሁሉ ውሸት ነው፣ የምትሄጂው ወንድምሽ ወደሄደበት ነው ብላ አልመርቅም አለች።

መቀሴን ሳላነሳ ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። እትዬ ሙሉ ግቢዋ ውስጥ ማሽላ ታበጥር ነበር። ጥፋቱ የኔ እንደሆነ፣ እጄ በልማድ እንደሠራው፣ ልጅቷ ስለ ኪሱ እንዳልጠየቀችኝ ነገርኳት። ማበጠሯን ቀጠለች። በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ሰው ጣልቃ የሚገባበት ካጣ በራሱ ጊዜ ይናገራል፤ ይህን ከሥራዬ ነው የተማርኩት። ሰፌዱ ሦስት ጊዜ ሞልቶ ሦስት ጊዜ ተራገፈ።

«ለኤፍሬምም አንተ ነህ የሰፋህለት» አለችኝ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

ኤፍሬም ታላቅየው ነው፤ ከሄደ ስምንት ዓመቱ። ሳዑዲ፣ ጂዛን ከተማ ሥራ ይዟል፣ በየፋሲካው ይደውላል፣ መመለሻ ወረቀት ግን የለውም።

«ኪሱን አይደለም የምፈራው» አለች ሰፌዱን አስቀምጣ። «አፌን ነው። እሱን ስመርቀው ሂድ፣ ይቅናህ፣ እንጀራህ ይስፋ አልኩት። ሁሉም ደረሰለት። ተመለስ ማለቱን ረሳሁት። ስምንት ዓመት ሙሉ ለሰው ተናግሬው አላውቅም።»

እንዳይመለስ የከለከለው የናት አፍ ሳይሆን ድንበር ነው ልላት እችል ነበር። ግን ስምንት ዓመት የታሰበን ነገር በአንድ አፍታ አያስተባብሉትም። ስለዚህ እንዲህ አልኳት፦

«እንግዲያው የእርስዎ ምርቃት እንደሚደርስ አወቅን ማለት ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከንፈሯ ላይ ሳቅ የመሰለ ነገር መጣ። ከዚያ የከተሞቹን ስም ንገረኝ አለች፤ ከመጨረሻው ጀምረህ። እስኪመሽ ድረስ ወደ ኋላ አስጠናኋት።

ቅዳሜ ጧት ሔራን ሻንጣውን አዝላ እናቷ እግር ሥር ተንበረከከች። ጎረቤታችን ኡሙልኸይር መዳፏን ዘርግታ ቆማለች፤ ሙህሲን ባጃጁን አስነስቶ ደጅ ይጠብቃል።

«ዳሬሰላም ባሕሩን አይተሽ ወደ ኪጋሊ ተመለሽ» አለች እትዬ ሙሉ።

«አሜን» አልን። «አሚን» አለች ኡሙልኸይር።

ሔራን አንገቷን እንደደፋች ከዳሬሰላም የሚመለሱት በቀጥታ በናይሮቢ እንደሆነ አንሾካሾከች።

«የጠየቀሽ የለም» አለቻት እናቷ። «ከኪጋሊ ወደ ካምፓላ ተመለሽ። ከካምፓላ ወደ ናይሮቢ ተመለሽ። ከሞያሌ ወደ አዲስ አበባ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ ተመለሽ። ጎብዬን በጤና፣ ሮቢትን በጤና አልፈሽ ከደጄ ግቢ።»

አሜን ብለን ሔራን ልትነሳ ስትል እናቷ ከትከሻዋ ላይ እጇን አላነሳችም። ዐይኗን ጨፈነች።

«ኤፍሬምዬም» አለች፤ «ከጂዛን…» ከዚያ ወዲያ መንገዱን አታውቀውም። ወደኔ ዞረች።

«ወልዴ፣ ከጂዛን ቀጥሎ ማነው?»

«ጅዳ፣ እትዬ።»

ሙህሲን ከውጭ አንድ ጊዜ ጡሩምባ ነፋ። ኡሙልኸይር መዳፏን ሳታጥፍ፣ ይጠብቅ፣ ገና ነው አለች።