ከኋላ የምታልፈው ልጅ

በማስታወቂያ ድርጅቱ ውስጥ ሁሉም «መርማሪዋ» ነበር የሚላት። ስሙን ያወጣላት አለቃዋ ነው። ሥራዋ ማስታወቂያ ከመሠራቱ በፊት ሰው ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚጠላ፣ ምኑን አይቶ ምኑን እንደሚያልፍ ቤት ለቤት እየዞሩ መጠየቅና ዕቅዱን በዚያ ላይ ማቆም ነበር። ስትጠይቅ ደግሞ አትጠግብም። ሳሙና ለምን ገዛህ ብላ የጀመረችውን ሰው የልጅነቱን ነገር ሁሉ ሳታስለፈልፈው አትለቀውም እየተባለ ይቀለድባታል። እሷም ቅጽል ስሙን ወዳዋለች፤ እኔ ሳልጠይቅ ያለፍኩት ነገር የለም ብላ የምትኮራ ሰው ናት። ኩራት ሰውን የት ላይ እንደሚጥለው መቼ ይታወቃል!

ያን ሰሞን የያዙት የአንድ ጫማ ፋብሪካ ማስታወቂያ ነበር። አንድ ጎረምሳ አዲስ ጫማ ተጫምቶ፣ ሰው በሚተራመስበት ሰፊ መንገድ ላይ እየሳቀ ይሄዳል፤ በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። የቸገራቸው መንገዱ ነው። መንገድ አዘግቶ፣ ያን ሁሉ ሰው ሰብስቦ መቅረጽ ብዙ ወጪ አለው፤ ፋብሪካው ደግሞ ቋጣሪ ነው። ስብሰባው ላይ መላውን ያመጣችው መርማሪዋ ናት። ተመልካቾችን ቪዲዮ እያሳየች ጠይቃ ነበርና፣ «ከኋላ የሚያልፍን ሰው ማንም አያየውም» አለች። ጎረምሳው ብቻ ስቱዲዮ ውስጥ ይቀረጽ፤ መንገዱንም መንገደኛውንም በሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮምፒውተሩ ይፍጠረው፤ ዘመኑ ወደዚያ ነው፣ ሁሉም እየነጎደ ያለው ወደዚያ ነው ብላ አስረዳች። አለቃዋ ብድግ ብሎ አጨበጨበላት። ምስሉን የሠራው «ብሩሽ» የሚሉት ባልደረባቸው ነው፣ ሠርቶም በጊዜ አስረከበ።

ማስታወቂያው ኢንተርኔት ላይ በተለቀቀ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ታየ። ማን ስንት ጊዜ እንዳየው፣ የት ላይ እንዳቆመው የሚያሳየው መረጃ ላይ አንድ ተመልካች አለ፤ ቀን የለ ማታ የለ ያንኑ ማስታወቂያ ይከፍታል። ደግሞ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ሲደርስ ያቆመዋል፣ መልሶ ያጫውተዋል፣ ደግሞ ያቆመዋል። መጀመሪያ ማሽን ነው፣ አጭበርባሪ ነው ተባለ። ኋላ ግን ከቪዲዮው ሥር የሚመጣውን መጠይቅ ሞልቶ ተገኘ። ምኑን ወደዱት ለሚለው «መንገዱን» ብሏል። ተመራማሪ ቤትዎ ቢመጣ ፈቃደኛ ነዎት ለሚለው ደግሞ «በአስቸኳይ» ብሎ አድራሻውን ከነስልኩ አስቀምጧል። አለቃዋ በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ይህን ሰው ጫማው ፍቅር አስይዞታል፣ ሂጂና ልቡ ውስጥ ያለውን ሁሉ ዝቀሽ አምጪልኝ፣ የሚቀጥለውን ማስታወቂያ በሱ ላይ ነው የምንሠራው አላት። አንድ ጥንድ ጫማ በስጦታ አስይዞ ላካት።

ጠዋት ሄደች። አሮጌ ሕንፃ ላይ፣ ደረጃው በእግር ብዛት የተበላ፣ ሦስተኛ ፎቅ። በሩን ገና ሳታንኳኳ ነው የከፈቱላት። ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ሰፋ ያሉ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ። ባለቤታቸው ከኋላቸው ቆመዋል። ከበሩ ጀርባ አንድ የተቆለፈ ሻንጣ አለ፣ ላዩ ላይ ጃኬት ተደርቦበታል። መርማሪዋ መንገደኛ አዘገየሁ መሰለኝ ብላ ይቅርታ ልትጠይቅ ስትል አዛውንቱ እጇን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቧት። የጫማውን ካርቶን ተቀብለው ሳያዩት ወንበር ላይ አስቀመጡት።

ጥያቄዎቿን አዘጋጅታ፣ መቅጃዋን አውጥታ ነበር። አንዱንም አልጠየቀችም።

«መንገዱ የት ነው?» አሏት አባትየው።

የቱ መንገድ ስትላቸው ስልካቸውን አውጥተው ማስታወቂያውን ከፈቱ። ጎረምሳው እየሳቀ ይመጣል፣ ሰው ይተላለፋል። የሚታወቀው ቦታ ላይ ሲደርሱ አውራ ጣታቸውን ጫን አድርገው አቆሙት። ከጎረምሳው ትከሻ ኋላ ቡናማ ካፖርት የለበሰች ወጣት ፊቷን ወደዚህ መለስ አድርጋለች፣ ፈገግ ልትል ነው።

«ይቺ ልጃችን ናት» አሉ።

ነገሩን የነገሯት እየተቀባበሉ ነው። ልጅቷ አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ብላ እንደወጣች አልተመለሰችም። ፖሊስ ጣቢያ፣ ሆስፒታል፣ የአስከሬን ክፍል ሳይቀር ዞረዋል። አፋልጉን የሚል ወረቀት ከነፎቶዋ በየምሰሶው ለጥፈዋል፣ ኢንተርኔት ላይም የጎረቤት ልጆች እየረዷቸው ያላወጡበት ገጽ የለም። ከዓመት በላይ ወሬዋ ጠፋ። እናትየዋ እህል አልወርድ ብሏቸው አልጋ ላይ ቀርተው ነበር። ከዚያ በቅርቡ አንድ ቀን፣ አባትየው ስልካቸው ላይ የመኪና ጎማ ሲፈልጉ፣ ሳያስቡት ይህ ማስታወቂያ መጣ። እናትየዋም ከዚያ ቀን ወዲህ መብላት ጀመሩ።

«ካፖርት ገዝታለች» አሉ እናትየዋ፣ ጣታቸውን ወደ ስልኩ ጠጋ አድርገው፣ ሳይነኩት። «ብርድ አትችልም ነበር። እንዳው ምን ለብሳ ይሆን እያልኩ ነበር የማድረው፤ ይኸው ገዝታለች።»

መርማሪዋ ስልኩ ላይ ያለውን መንገድ አየች። ያ መንገድ የለም። በየትም አገር፣ በየትም ከተማ የለም። ካፖርቱም የለም። ያ ሁሉ መንገደኛ ብሩሽ ጠረጴዛ ላይ የተፈጠረ ነው፣ ሐሳቡ ደግሞ የሷ የራሷ ነው። አጋጣሚ ነው፣ ሰው ሰውን ይመስላል ብላ ራሷን ልታጽናና ስትሞክር ዓይኗ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ፎቶ ጋር ተጋጨ። ያው ፊት ነው። ግራ ቅንድቧን ለሁለት የከፈለው ጠባሳ ሳይቀር ያው ነው። በሕፃንነቷ ከደረጃ ወድቃ ነው አሉ አባትየው፣ ዓይኗን ተከትለው። የማስታወቂያዋም ልጅ ጠባሳው አላት። ኮምፒውተር ከየት አምጥቶ ነው ጠባሳ የሚያወጣው?

«በዚህ ከተማ አውቶቡስ ያልነዳሁበት መንገድ የለም» አሉ አዛውንቱ። «ይህን ግን አላውቀውም። ሌላ ከተማ ነው፣ አይደል? የከተማውን ስም ብቻ ንገሪኝ፤ ሌላውን እኔ እግሬ እስኪነቃ ዞሬ አገኘዋለሁ። ባትነግሪኝም ዛሬ ከሰዓት መነሳቴ ነው፤ ከአንዱ ከተማ እጀምራለሁ።»

ሻንጣው ለምን በር ላይ እንደቆመ ያኔ ገባት። ቢሮ ጠይቄ እነግርዎታለሁ፣ እስክደውል አይነሱ አለቻቸው። ሌላ ምን ትበል? ስትነሳ እናትየዋ ክንዷን ያዝ አድርገው ወደ ጥግ አሳዩዋት። ትንሽ ጠረጴዛ ላይ፣ ዳንቴል ተነጥፎለት፣ ቻርጅ ላይ የተሰካ የድሮ ባለቁልፍ ስልክ አለ።

«ያ ለሷ ብለን ያስቀመጥነው ስልክ ነው» አሉ። «አፋልጉን ብለን ያወጣነው ቁጥር የሱ ነው። ዘመድ አይደውልበትም፣ እኛም አንደውልበትም። ከሷ በቀር ማንም እንዳይዘው ብለን ነው። አንቺ በሳቸው ስልክ ደውዪ፣ እሺ ልጄ?»

እሺ እማማ አለች።

ቢሮ የገባችው እየሮጠች ነው። ብሩሽ የጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ ሥራው ላይ ተደፍቷል። ማዳመጫውን ከጆሮው ላይ ነቀለችው። ያችን ባለካፖርት ከየት አመጣሃት አለችው። መጀመሪያ ሳቀባት፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። ኮምፒውተሩ ለብቻው ሲተው ሰውን ሁሉ የፊልም ተዋናይ ያስመስለዋል፤ አለቃችን ተራ ፊት ይምጣ ስላለ ከኢንተርኔት የሰው ፎቶ እየለቀምኩ፣ ፊታቸውን እንዲቀዳ አበላሁት አላት። ለምን አልነገርከኝም ስትለው፣ «መቼ ጠየቅሽኝ?» አለ። እውነቱን ነው። በሰፈሩ ያለውን ሁሉ ስትጠይቅ የኖረች ሰው ይህን አልጠየቀችም።

የለቀማቸውን ፎቶዎች ከፈተላት። ወደታች እየወረደ ሲሄድ አቁም አለችው። ግድግዳው ላይ የነበረው ፎቶ ነው፣ ግን ዳር ዳሩ ተቆርጧል። ሙሉውን አምጣው አለች። ምስሉ የተወሰደበትን ገጽ ፈልጎ ከፈተው። ከላይ በትልቁ «አፋልጉን» ይላል። ከሥር፣ ያያችሁ በልጅ አምላክ በዚህ ቁጥር ደውሉልን የሚል ጽሑፍና የስልክ ቁጥር አለ።

ብሩሽ ከወንበሩ ተነሳ፣ ደግሞ ተቀመጠ። «ጽሑፍ ያለበት ምስል ሥራውን ያበላሻል» አለ ቀስ ብሎ። «ሳላነበው ነው የቆረጥኩት።»

አለቃዋ ተጠርቶ መጣ። አየ፣ ሰማ፣ ለጥቂት ጊዜ እሱም እንደሰው ደነገጠ። ወዲያው ግን ነገር ማቃናት ልማዱ ነውና ማቃናት ጀመረ። ቪዲዮው አሁኑኑ ይውረድ። ፎቶው ይጥፋ። ሰዎቹን ደግሞ መንገደኞች ናቸው፣ ማንነታቸውን አናውቅም፣ የት እንደተቀረጸም ፋብሪካው አይናገርም በያቸው አላት። እንደምትቃወመው ዓይኗ ላይ ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሴትየዋ መብላት ጀምረዋል አላልሽም? ታዲያ ተስፋ ማንን ገደለ? ምን አደረጉኝ ብለሽ ነው የምትነጥቂያቸው?»

ይህን ብሎ ወጣ። እግዜር ይይለት፣ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ግን ክፋቱ ከዚህ በላይ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ንግግሩ ልቧ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። እውነትም ዝም ብትል እኮ እናትየዋ ዛሬም ይበላሉ። ከዚያ በሩ ጀርባ ያለው ሻንጣ ታያት። እኚያ ሽማግሌ በሌለ መንገድ ላይ፣ በየማያውቁት ከተማ፣ ስልካቸውን እያሳዩ መንገደኛ ሲለምኑ ታዩዋት። ሰዓቱ ከሰዓት ሆኗል፤ ይሄኔ ጃኬታቸውን እየለበሱ ይሆናል። ሄጄ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ ነው የምነግራቸው፣ ለአሁኑ መምጣቴ ነው፣ እንዳይነሱ ብቻ ልበላቸው አለች። ልቧ ሳይመለስ ስልኳን አነሳች። ቁጥሩ ፊት ለፊቷ ነው፤ እያየች መታችው።

ጥሪው አንዴ እንኳ አልጨረሰም፣ ተነሳ።

«ልጄ?»

የእናትየዋ ድምፅ ነው። ከኋላ ወንበር ሲወድቅ ተሰማ፣ ቀጥሎ አባትየው ምን አለች፣ የት ነኝ አለች እያሉ ሲሮጡ። መርማሪዋ ስልኳን ከጆሮዋ ነጥላ አየችው። አባትየው ብላ የመዘገበችው ስም የለበትም። ቀና ብላ ከብሩሽ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ቁጥር አየች፣ አፋልጉን ከሚለው ሥር ያለውን። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

«ልጄ፣ እናትሽ ነኝ፤ ተናገሪ እንጂ» አሉ እናትየዋ።

«እማማ፣ እኔ ነኝ» አለች። «ጠዋት የመጣሁት። የጫማው ማስታወቂያ።»

ከኋላ የወደቀው ወንበር ሲነሳ ተሰማት።

«ታዲያ» አሉ እናትየዋ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው፣ «በዚህኛው ስልክ ለምን ደወልሽ?»